ልግዛ ወይስ ልገጣጥም?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። ሠርግ፣ ኒካህና የተማሪ ምርቃት እቀርጻለሁ። ካሜራዬ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ነው፤ በ4ኬ እቀርጻለሁ። ኤዲት የማደርገው በላፕቶፕ ነው፤ አሁን ግን አስመርሮኛል። አንዲት ቁራጭ አይቼ እስክጨርስ ሦስት ጊዜ ስታክ ያደርጋል። እጄ ላይ 130 ሺህ ብር አለ። የካቲት ላይ ደግሞ የ80 ሺህ ብር ዕቁብ ይደርሰኛል። ፒያሳ ያለ አንድ ሱቅ 64 ጊጋ ራምና ባለ 2 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ያገለገለ ዚኦን ኢ5 ወርክስቴሽን በ95 ሺህ እሰጥሃለሁ ብሎኛል። ኮምቦልቻ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ የሚማር የአጎቴ ልጅ ደግሞ "ዕቃውን ከአዲስ አበባ እናስመጣ፣ እኔ እገጣጥምልሃለሁ" ይላል። አባቴ "ያለቀለትን ግዛ፤ ቢበላሽ ለማን ትጮኻለህ?" አሉኝ። እስካሁን የቀረጽኩት ሁሉ ያለው አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ እሱም ሊሞላ ነው። ኅዳር ገብቷል፣ ጥር እየመጣ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። ገጣጥም። ግን ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጊዜ አትግዛ። የአጎትህ ልጅም ብቻውን እንዲገጣጥመው አትተወው። ጥር ደጅህ ላይ ሲደርስ ደግሞ አትጀምረው።

ከደብዳቤህ ውስጥ ልቤን የያዘው የአባትህ ጥያቄ ነው። "ቢበላሽ ለማን ትጮኻለህ?" ሰው ስለ ኮምፒውተር ሲያወራ የሚያነሳው ፍጥነትና ዋጋ ነው። ደሴ ላይ ስቱዲዮ ከፍቶ፣ ቀን ቆርጦ ለሙሽራ ቤት ለሚያስረክብ ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ይኸው የአባትህ ነው። በጥያቄው ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ በመልሱ ነው የምለየው።

እነ ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ለቢሮ የሚሠሯቸው ዴስክቶፖች ጠንካሮች ናቸው፤ ይህን አልክድም። ግን የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚመግበው ሳጥን፣ በልክ የተሰፋ ነው። ቅርጹም፣ የሽቦው መሰኪያም ለዚያ ሞዴል ብቻ ነው የሚሆነው። ሌላው ክፍል ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርዱም እንደዚያው። ፓወሩ የተቃጠለ ዕለት ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ብትዞር የሚገጥምለት ለማግኘት ትቸገራለህ። አዲስ አበባ ደውለህ ያንኑ ሞዴል ታስፈልጋለህ፣ ከዚያ 400 ኪሎ ሜትር ተጭኖ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። በስታንዳርድ ዕቃ ለተገጣጠመ ኮምፒውተር ግን አቅሙ የሚበቃ ማንኛውም ኤቲኤክስ (የተለመደው ልክ) ፓወር ይሆነዋል። ሲቸግርህ የጓደኛህን ፓወር ፈትተህ ሌሊቱን ትሠራና ጠዋት ትመልስለታለህ። ወደ መገጣጠም ያደላሁት ከሁሉም በፊት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የምልህ በራሴ ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያ ዴስክቶፔን ተገጣጥሞ ያለቀለት ነው የገዛሁት። ኬዙ በአንድ ጎኑ መስታወት ነበር፤ ፋኖቹ ቀይና ሰማያዊ ያበራሉ። ፓወሩ ላይ "500 ዋት" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ኋላ ፈትቼ በእጄ ስይዘው ቅልል ያለ ቆርቆሮ ነው። ፓወር ሰፕላይ በክብደቱም እንደሚታወቅ ያኔ የነገረኝ የለም። አንድ የሚያዝያ ምሽት መብራት ሄደ። መጣ። እንደገና ሄዶ ሲመጣ ከኬዙ ውስጥ "ጧ!" አለ። ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ፓወሩ ብቻውን አልሄደም። ማዘርቦርዱንም ሃርድ ዲስኩንም ይዞ ሄደ።

ሃርድ ዲስኩ ላይ የአንድ ሠርግ መልስ ነበር። ሜሞሪ ካርዶቹን ለቀጣዩ ሥራ ፎርማት አድርጌያቸዋለሁ። ሽማግሌ ይዤ ሙሽራዋ ቤት ሄድኩ፤ ገንዘባቸውንም መለስኩ። እናትየው አልተቆጡኝም። ቡና አፈሉልን። ሲኒውን ሲያቀብሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የእናቴ ምርቃት እኮ እሱ ላይ ነበር" አሉኝ። አያትየው የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ሲመርቁ የቀረጽኳቸው እኔ ነኝ። ከሠርጉ በኋላ ብዙም አልቆዩ፤ ዐርፈዋል። የዚያን ቀን ቡና እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ስለ ፓወር፣ ስለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ስለሚያቆየው ዕቃ) እና ስለ ቅጂ ሳወራ ጠንከር ብል በዚህ ምክንያት ነው፤ አትቀየመኝ።

አሁን ወደ ፒያሳው ዚኦን እንምጣ። 64 ጊጋ ራም ሲባል ያጓጓል። ግን ኢ5 የሚባለው የኢንቴል ዚኦን ፕሮሰሰር ዘር አርጅቷል። ከስሙ ጎን ቪ3 የሚል ያለው እ.ኤ.አ. በ2014፣ ቪ4 የሚለው በ2016 የወጣ ነው። ዕድሜው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ካሜራህ ቪዲዮውን የሚያስቀምጠው ኤች 264 በሚባል ዘዴ ጨምቆ ነው። ታይምላይን ላይ፣ ቪዲዮውን በምትቆርጥበት መስመር ላይ፣ ስታጫውተው ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ ያንን እየፈታ ነው የሚያሳይህ። የኢንቴል የተለመዱት ኮር ፕሮሰሰሮች ውስጥ ኩዊክ ሲንክ የሚባል፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ክፍል አለ። ኢ5 ዚኦን ይህ የለውም፤ በጉልበቱ ነው የሚፈታው። ጎበዝ ግራፊክስ ካርድ ቢኖረው ካርዱ ሸክሙን ያቀልለት ነበር። ባለ 2 ጊጋው ካርድ ግን ለ4ኬ ኤዲቲንግ አይበቃም። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 እነዚህን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም፤ ከኢንቴል የሚፈልገው 8ኛ ትውልድንና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው። የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሞታል። እዚያ ላይ 95 ሺህ ብር አትጣል።

ላፕቶፕህ የሚንቀራፈፈው ለምን እንደሆነ ከገባህ ምን መግዛት እንዳለብህም ይገባሃል። ካሜራህ በ4ኬ ከፍተኛው ጥራት ላይ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ይጽፋል። ይህ በሰዓት 45 ጊጋ ባይት ነው። ከሙሽራዋ ቤት እስከ ምሽቱ ጭፈራ፣ ከዚያ መልሱን ጨምረህ በሁለት ካሜራ በድምሩ 8 ሰዓት ብትቀርጽ 360 ጊጋ ሆነ። የአንድ ሠርግ ነው እንግዲህ። ተራ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋ ባይት አካባቢ ያነባል። ማስቀመጫ ሲሆን ጥሩ ነው። ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ከፍተህ፣ ሙዚቃ ጨምረህ፣ ወዲያ ወዲህ እየዘለልክ ስትቆርጥ ግን መርፌው መሯሯጥ ይጀምርና ታይምላይኑ ይቆማል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ኤስኤስዲ ብዙው በሰከንድ ከ3,000 ሜጋ ባይት በላይ ያነባል። ስለዚህ የያዝከው ሥራ ኤስኤስዲ ላይ፣ ያለቀው ሃርድ ዲስክ ላይ።

ፕሮሰሰሩን እንዲህ ግዛ። ኢንቴል ኮር አይ ፋይቭ 12400 ወይም ከእሱ ከፍ ያለ የ12ኛ ትውልድ። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፣ ጆሮህን ስጠኝ። ይኸው ፕሮሰሰር በሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንዱ 12400 ብቻ ነው፤ ሌላው ከቁጥሩ ኋላ "ኤፍ" የሚል ፊደል አለበት። ኤፉ ይረክሳል፤ ሻጭም "አንድ ናቸው፣ ልዩነት የላቸውም" ይልሃል። ለጌም ለሚፈልገው ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ለአንተ ግን አይሆንም። ኤፍ ያለበት ውስጡ ያለው ግራፊክስ ተዘግቷል፤ ግራፊክስ ከሌለ ኩዊክ ሲንክም የለም። የምትፈልገው ነገር ተነቅሎ የተሸጠልህ ያህል ቁጠረው። ካርቶኑን ብቻ አትመን። ፕሮሰሰሩ ራሱ ላይ፣ ብረቱ ላይ የተጻፈውን አንብብ።

ኤፍ የሌለውን ከገዛህ ሌላም ትርፍ አለው። ግራፊክስ ካርድ ሳይኖርህ ሥራ መጀመር ትችላለህ። ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ትሰካና ጥርን ትሻገራለህ። ካርዱን የካቲት ላይ ዕቁቡ ሲደርስህ ትጨምራለህ። "በአንድ ጊዜ አትግዛ" ያልኩህ ይህን ነው። ያለቀለት ማሽን ብትገዛ ይህንን መከፋፈል አታገኝም።

ስለ 13ኛና 14ኛ ትውልድ አንድ ቃል። ትልልቆቹ ፕሮሰሰሮች፣ እነ አይ ሰቨንና አይ ናይን፣ በቮልቴጅ ችግር ምክንያት እየተጎዱ እንደነበር ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 አምኖ ማስተካከያ ለቋል። ያገለገለ ከሆነ በምን ሁኔታ ሲሠራ እንደከረመ ማወቂያ የለህም። እለፈው። የኢንቴል ተፎካካሪው ኤኤምዲ መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ያለ ግራፊክስ ካርድ ቪዲዮ ኤዲት ለመጀመር ኢንቴል ይቀላል።

ማዘርቦርድ ቢ660 ወይም ቢ760፣ ዲዲአር 4 ራም የሚቀበለውን። ስሙ አንድ ሆኖ ዲዲአር 5 ብቻ የሚቀበልም አለና ሳታጣራ አትክፈል፤ የአንዱ ራም ለሌላው አይገባም። የራም ቀዳዳው አራት ይሁን። ራሙን 16 ጊጋ ሁለት ፍሬ አድርግ፣ 32 ይሆንልሃል። ባለ 32 አንድ ፍሬ አትግዛ፤ ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ሲሠሩ መንገዱ ይሰፋል። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰርቨሮች ራሙን እየወሰዱት ሰሞኑን በዓለም ገበያ ዋጋው ሽቅብ ወጥቷል። ከሁሉም ዕቃ መጀመሪያ ራሙን ግዛ።

ዋጋ እንድጽፍልህ ትጠብቅ ይሆናል። አልጽፍልህም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ ሲሆን የዕቃው ዋጋም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዛሬ የጻፍኩልህ ቁጥር ነገ ከሻጭ ጋር ያጣላሃል። ለሦስት ሱቅ በአንድ ቀን ደውል፣ የሦስቱንም ዋጋ ጻፍ፣ መካከለኛውን ያዝ። እጅግ የረከሰብህን ለምን እንደረከሰ ሳታውቅ አትንካው። ግራፊክስ ካርዱን ለየካቲት ስላሳደርነው፣ ከ130 ሺው ላይ ከተረፈህ ወደ ሌላ አታዙረው፤ ፓወርና ዩፒኤስ ላይ ጨምረው።

አዎ፣ ፓወር። 650 ዋት፣ "80 ፕላስ ብሮንዝ" የሚል ምልክት ያለው፣ በእጅህ ስታነሳው ከበድ የሚል። "ለምን ይህን ያህል?" ትለኝ ይሆናል። 12400 ሲጨነቅ እስከ 117 ዋት ይስባል። የካቲት ላይ የምትጨምረው ካርድ ለምሳሌ ባለ 12 ጊጋው አርቲኤክስ 3060 ቢሆን 170 ዋት ነው። ሌላውን ደምረህ 350 አካባቢ ትደርሳለህ። የቀረው ለትንፋሽና ለነገ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ! በፓወር ላይ የሚቆጠብ ብር ሌላውን ዕቃ ሁሉ መያዣ ማስያዝ ነው።

ዩፒኤሱ 1,200 ቪኤ አካባቢ ይሁን። ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ ሥራ እንድትቀጥልበት አይደለም። ሴቭ አድርገህ በሰላም እንድታጠፋ ነው። አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤስ ከጥሩ ፓወር ጋር አይስማማም፤ መብራት በሄደበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ሱቁ ድረስ ይዘህ ሂድ። ሰክተህ ቪዲዮ ክፈትበት። ከዚያ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ንቀለው። ቪዲዮው ሳይቆም ከቀጠለ ክፈል። ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማልና ይህንን ሙከራ በየስድስት ወሩ ድገመው። አታሚና ማሞቂያ ዩፒኤሱ ላይ እንዳትሰካ። ደሴ ክረምት ላይ እግር ሥር ማሞቂያ ማድረግ ይወዳል፤ እሱን ግድግዳው ላይ ስካው።

ብርዱን ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርህ። "ደሴ ቀዝቃዛ ነው፣ ኮምፒውተር አይሞቅም" ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ነው፤ የሚገፋው አየር ሲሳሳ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ስለዚህ ፊቱ መስታወት የሆነውን ኬዝ ተው። ፊቱ ወንፊት የሆነውን ምረጥ፣ ከፊት ሁለት ፋን፣ ከኋላ አንድ። መብራት አይኑረው፤ አየር ይኑረው።

ኮምቦልቻ ወርደህ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር አካባቢ ትወርዳለህ። አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ አቧራው ደግሞ አይጣል ነው። በወር አንዴ ወንፊቱን አውልቀህ እጠበው። በብሎወር ስትነፋ ፋኖቹን በጣትህ ያዛቸው። እንዲሽከረከሩ ከለቀቅካቸው ከልካቸው በላይ ይፈጥኑና መያዣቸው ይበላሻል።

አሁን የመገጣጠሙ ቀን። የአጎትህ ልጅ ኮምቦልቻ ገጣጥሞ ሠርቶ እንዳያመጣልህ። ዕቃውን ሁሉ ይዞ ደሴ ይምጣ፣ አንተ ስቱዲዮ ውስጥ። ካቻቢቴውን አንተ ያዝ፣ እሱ ያሳይህ። አንድ ቅዳሜ ይበቃችኋል። የአባትህ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በጥር አንድ ሌሊት ኮምፒውተሩ አልነሳ ቢልህ፣ የገጣጠምከው አንተ ከሆንክ ራሙን ነቅለህ መልሰህ መሰካት አያስፈራህም። የብዙ ኮምፒውተር በሽታ እዚያው ላይ ነው የሚድነው። የአጎትህ ልጅ ፈተና ላይ ሊሆን ይችላል። ተመርቆ ሌላ አገር ሊሄድም ይችላል።

በዕለቱ ሹራብና ጋቢ ይውለቅ። በበጋ ደረቅ አየር ሱፍ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ያመጣል። እጃችሁን በየጊዜው የኬዙን ብረት አስነኩ። ማዘርቦርዱን ኬዙ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት የራሱ ካርቶን ላይ አስቀምጡት። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለ፤ ከመቀመጫው ሦስት ማዕዘን ጋር ይገጥማል። ይቀመጣል እንጂ አይገፋም፤ ከገፋችሁት ሥሩ ያሉት ቀጫጭን እግሮች ይጣመማሉ፣ ማዘርቦርዱም አለቀለት። ራሞቹ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ላይ ይግቡ። "ቀጭ" እስኪሉ ተጫኗቸው። ከላይ በኩል ጥግ ላይ ለፕሮሰሰሩ ብቻ የሚሰካ ስምንት እግር ያለው ሽቦ አለ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። እዚያው ካርቶኑ ላይ አስነሱትና ስክሪኑ ሲበራ ካያችሁ በኋላ ወደ ኬዙ አስገቡት። ከታሰረ በኋላ ፈትቶ ጥፋት መፈለግ ቀኑን ይበላል።

የካቲት ላይ ካርዱን ስትጨምር ሞኒተሩን ካርዱ ላይ ስካ። አንዳንድ ማዘርቦርድ ካርድ ሲያይ የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ ያጠፋዋል፤ ኩዊክ ሲንክም አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ወደሆነው ባዮስ ግባና አይጂፒዩ መልቲ ሞኒተር የሚለውን አብራው። ካርዱ ያገለገለ ከሆነ ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ። ስሙ ተለውጦ የሚሸጥ የውሸት ካርድ አለ፤ ይህ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣል። ኤስኤስዲና ሃርድ ዲስክ ስትገዛም ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናው እንዴት እንደሆነ ያሳይሃል። "አዲስ ነው" ተብሎ ሺህ ሰዓት የቆጠረ ካየህ አመስግነህ ውጣ።

ካርዱ ምን ያህል ያስፈልግሃል? በምን የኤዲቲንግ ፕሮግራም እንደምትሠራ አልነገርከኝም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ከሆነ ግራፊክስ ካርድ ላይ በጣም ይደገፋል፤ ለ4ኬ 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ሜሞሪ ያለው ያዝ። ፕሪሚየር ከሆነ መቆራረጡን ኩዊክ ሲንክ በደንብ ይይዝልሃል፣ ብትዘገይም አትጎዳም።

ጊዜውን በተመለከተ ግን አልለሳለስም። ዕቃው ተሟልቶ፣ ተገጣጥሞ፣ አንድ ሙሉ የቆየ ሠርግ ኤዲት ተደርጎበት እስከ ታኅሣሥ 15 ካላለቀ፣ እስከ ጥር መጨረሻ አትንካው። አዲስ ማሽን ጉድለቱን የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ያንን በሰው ሠርግ ላይ አትሞክር። ቢዘገይብህ በላፕቶፕህ የምትሻገርበት መንገድ አለ። ፕሮክሲ ሥራ። ፕሪሚየርም ዳቪንቺም ያደርጉታል፦ ከ4ኬው ቪዲዮ ትንንሽ ቀላል ቅጂ ያወጣሉ፣ አንተ በቅጂው ላይ ትቆርጣለህ፣ ኤክስፖርት ስታደርግ ዋናውን ይጠቀማል። ማታ አስጀምረህ ትተኛለህ፤ ጠዋት ያው ላፕቶፕ ሌላ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ለአባትህ ፍትሐዊ ልሁን። ያለቀለትን መግዛት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። የአጎትህ ልጅ ባይኖር፣ አንተም ብሎን መፍታት የሚያስጠላህ ሰው ብትሆን፣ ግዛ እልህ ነበር። ያኔም ቁመተ ሙሉ የሆነውን ታወር እንጂ ቀጭኑን የቢሮ ዴስክቶፕ አይደለም። ቀጭኑ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባበትም፤ ፓወሩም አይችለውም። የፕሮሰሰሩ ትውልድ ከ8ኛ እንዳይወርድ፣ ቢቻል 10ኛ ቢሆን ይመረጣል። ኬዙንም ሻጩ ፊት አስከፍተህ፣ ፓወሩና ማዘርቦርዱ ስታንዳርድ መሆናቸውን አይተህ። ይህን ለአባትህ አንብብላቸው። ያነሱት ሐሳብ ችላ እንዳልተባለ ይወቁ።

ከመክፈልህ በፊት የዕቃዎቹን ዝርዝር ላክልኝ፤ አንድ በአንድ አየዋለሁ።

ዛሬውኑ ግን አንድ ነገር አድርግ። ኮምፒውተሩ ይቆይ። ከዚያው ከ130 ሺህ ላይ ቀንሰህ አንድ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ግዛ። እዚያች አንዲት ኤክስተርናል ላይ ያለውን በሙሉ ወደ እሱ ገልብጥ። ተገልብጦ ሲያልቅ የተወሰኑትን ከፍተህ መጫወታቸውን እይ። ከዚያ አንዱን ስቱዲዮ አስቀምጥ፣ አንዱን ቤት ውሰድ፣ ከአባትህ ጋር አስቀምጠው።